ኩሽና ኮርቶ፤ የሁጎ ፕራት ኢትዮጵያ-ነክ ሥዕላዊ ትረካዎች እንደ ሥነ ጽሑፍ ሲነበቡ

1. የስም ነገር

በአማርኛ ‹‹ኮሚክ›› የምንለው ሰውን እንጂ መጽሐፍን አይደለም። ‹‹እሱ እኮ ኮሚክ ነው›› ሲባል ጨዋታ ዐዋቂ፣ አሳቂ ሰው ማለት መሆኑን ማንም ይረዳል። በሌላው ዓለም ግን በዚሁ ቃል የሚጠራ፣ ሥዕልንና ጽሑፍን በተከታታይ አዋሕዶ የሚተርክ አንድ ሰፊ ዘውግ አለ። ‹‹ካርቱን›› እንዳንለው ይህ ቃል በእኛ ዘንድ የጋዜጣ ሽሙጥ ሥዕልንና የልጆችን ተንቀሳቃሽ ፊልም ይዟል። ስለዚህ በዚህ መጣጥፍ ‹‹ሥዕላዊ ትረካ›› የሚለውን ሐረግ እጠቀማለሁ። በገጹ ላይ በመሥመር ታጥሮ የሚታየውን እያንዳንዱን ሥዕል ደግሞ ‹‹ክፈፍ›› እለዋለሁ።

የስም ጉዳይ ቀላል አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› የሚል ርእስ ባይኖረው ኖሮ ዛሬ የምናጠናውን ዘውግ በምን ስም እንጠራው እንደነበር መገመት ያስቸግራል። ቅርጹ ከውጭ መጣ፤ ስሙ ግን ከቋንቋው ውስጥ ወጣ። ስም ከወጣለት በኋላ ደራሲም፣ አንባቢም፣ ሐያሲም አገኘ። ሥዕላዊ ትረካን ግን በጥናት ርእስነት ያቀረቡ ተማሪዎች ‹‹ይህ የሥዕል ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው›› ተብለው ሲመለሱ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሥዕል ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ‹‹ይህ የጽሑፍ ጉዳይ ነው›› ሊል ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ሥራ ሳይነበብ፣ ሳይመዘን፣ ሳይተች ይቀራል።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ዘውጉ በሥነ ጽሑፍ መመዘኛዎች ሊመረመር እንደሚችል በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌዬ ልጅነቱን በከፊል በኢትዮጵያ ያሳለፈው ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠራቸው፣ ‹‹ኢትዮጵያውያቱ›› በሚል የጋራ ርእስ የሚታወቁት አራት ትረካዎች ናቸው። ለማነጻጸሪያ ያህል በዚያው ዘመን በአሜሪካ የልዕለ ጀግኖችን ተከታታይ ትረካ ይሠራ የነበረውን ጃክ ከርቢን አነሣለሁ። ‹‹ዓ.ም.›› ከሚል ምልክት ጋር ካልተጻፉ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የዘመኑ ሁኔታ፤ የከርቢ አዲስ አማልክት

ጃክ ከርቢ በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ከስደተኛ አይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። በ1941 ከጆ ሳይመን ጋር ‹‹ካፒቴን አሜሪካ››ን ፈጠረ። ከ1961 ጀምሮም ከስታን ሊ ጋር በማርቭል ኩባንያ ብዙ ልዕለ ጀግኖችን ወለደ። ከእነዚህ አንዱ በ1966 ብቅ ያለው፣ ዋካንዳ የምትባል የአፍሪካ አገር ንጉሥ የሆነው ‹‹ብላክ ፓንተር›› ነው። በ1970 ከርቢ ማርቭልን ለቆ ወደ ተፎካካሪው ዲሲ ተሻገረ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። በ1971 ‹‹አዲሶቹ አማልክት››፣ ‹‹የዘላለም ሰዎች›› እና ‹‹ሚስተር ሚራክል›› የተባሉ፣ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ሦስት ተከታታይ ሥራዎችን ጀመረ።

የእነዚህ ሥራዎች ማዕከላዊ ታሪክ በሁለት ዓለሞች መካከል የሚደረግ ጦርነት ነው። አንደኛዋ የብርሃን፣ ሁለተኛዋ የእሳትና የባርነት ዓለም ነች። ጦርነቱን ለመግታት የሁለቱ ዓለሞች ገዥዎች ልጆቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ የክፉው ልጅ በደጉ ቤት፣ የደጉ ልጅ በክፉው ቤት ያድጋል። ሰው የሚሆነው በተወለደበት ነው ወይስ ባደገበት? የሚለው ጥያቄ የትረካው ግጭት ምንጭ ይሆናል። ከርቢ ትረካው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ኋላም በመጽሐፍ መልክ የሚጠረዝ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ይሁን እንጂ ‹‹አዲሶቹ አማልክት››ም ሆነ ‹‹የዘላለም ሰዎች›› በ1972 ከዐሥራ አንደኛው እትም በኋላ ተቋረጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ማርቭል ተመልሶ በ1976 ‹‹ዘላለማውያኑ››ን፣ በ1977 ደግሞ ራሱን የቻለ የ‹‹ብላክ ፓንተር›› ተከታታይ ትረካ ጀመረ። በ1994 አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ የሚከተለው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥዕላዊ ትረካ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ከመሆን ወጥቶ፣ አንጋፋ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው እንደ ደራሲ ማሰብ የጀመሩበት ወቅት ነበር። በአሜሪካ ከርቢ የአማልክት ትውፊት ሊፈጥር ሲነሣ፣ በአውሮፓ ፕራት ታሪክንና ጂኦግራፊን የትረካው ጥሬ ዕቃ አደረገ። የፕራት ታሪክና ጂኦግራፊ ደግሞ በከፊል የእኛው ነው።

3. ፕራት እና ኢትዮጵያ

ሁጎ ፕራት በ1927 ሪሚኒ አጠገብ ተወልዶ በቬኒስ አደገ። በ1937፣ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አባቱ በቅኝ ገዥው ኃይል ውስጥ ያገለግል ነበር። ዓመቱን ልብ ማለት ያሻል። በዚያው ዓመት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ተጀምሮ ለሦስት ቀናት በቆየው ጭፍጨፋ የአዲስ አበባ ሕዝብ ደም እንደ ጎርፍ ፈስሷል። ልጁ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው። ገና በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሳለም አባቱ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ልብስ አስለበሰው።

በ1941 የጣሊያን አገዛዝ ሲፈርስ አባቱ ተማረከ፤ በቀጣዩ ዓመትም በምርኮ ላይ ሳለ ሞተ። ልጅና እናት በድሬዳዋ በነበረ የእስረኞች ሠፈር ተይዘው ቆዩ። ፕራት በዚያ ሠፈር ከጠባቂዎቹ ላይ ሥዕላዊ ትረካዎችን እየገዛ ያነብ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። በ1943 ወደ ጣሊያን ተመለሰ። ከዚያም ከ1949 ጀምሮ ለዐሥር ዓመታት ያህል በአርጀንቲና ሠራ፤ በዚያም ከደራሲው ኤክቶር ኦስተርሄልድ ጋር ‹‹ሳጅን ከርክ››ንና ‹‹ኧርኒ ፓይክ››ን አዘጋጀ። በ1967 ‹‹የጨዋማው ባሕር ባላድ›› የተባለውን ረጅም ሥራውን በጄኖቫ በሚታተም መጽሔት ላይ ማውጣት ሲጀምር ኮርቶ ማልቴዜ የተባለው መርከበኛ ገጸ ባሕርይ ተወለደ። ፕራት በ1995 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞተ።

እንግዲህ ፕራት ለኢትዮጵያ እንግዳም ተወላጅም አይደለም። የወራሪው ልጅ ሆኖ መጣ፤ የተሸነፈው ወገን እስረኛ ሆኖ ወጣ። በሥራዎቹ ውስጥ የአውሮፓ መኮንኖች ብዙ ጊዜ ደካሞች፣ ወይም ያለቦታቸው የተገኙ ሰዎች ሆነው የሚሣሉት፣ የአገሬው ሰው ደግሞ የሚሠራውን የሚያውቅ ሆኖ የሚቀርበው ከዚህ የሕይወት ልምድ የተነሣ ይመስለኛል። ይህ ግን ከሂስ አያድነውም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

4. አራቱ ትረካዎች

ትረካዎቹ ከ1972 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ለፈረንሳይ ኮሙኒስት ፓርቲ ቅርበት በነበረው ‹‹ፒፍ ጋጀት›› በተባለ የወጣቶች ሳምንታዊ መጽሔት የታተሙ ናቸው። መቼታቸው 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሲታይ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነት የነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ትረካ የሚጀምረው በየመን ምድር ነው፤ በኦቶማን ቱርኮች ምሽግ የታሰረን አንድ ወጣት መስፍን ለማስፈታት የሚደረግ ጉዞ ነው። ኮርቶ ከኩሽ ጋር የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ በአንድ የእንግሊዞች ምሽግ ዙሪያ ይካሄዳል። ሦስተኛው ወደ ደናክል በረሃ ያመጣናል፤ ርእሱ ሮሜዎንና ጁሊየትን የሚያስታውስ ሲሆን፣ የፍቅርና የጎሣ ጠብ ታሪክ ከአስማተኛ ገጸ ባሕርይ ጋር ይያያዝበታል። አራተኛው በጊዜው የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ በሚባለው አገር፣ ስለ ነብር ሰዎች ምሥጢራዊ ማኅበር የሚተርክ ነው።

በሴራ ረገድ አራቱም አጫጭርና ጥብቅ ናቸው። ጥንቆላና ትንቢት፣ መንፈስና ሕልም በውስጣቸው አለ። ሆኖም ፕራት ምትሐቱን አያብራራም፤ አያረጋግጥም፤ አያስተባብልምም። አስማተኛው የተናገረው ነገር ሲደርስ እናያለን፤ በምን ኃይል እንደደረሰ ግን አይነገረንም። ኮርቶ ያሾፋል እንጂ አይክድም። የእኛ ሥነ ቃል አድማጭ ከእንዲህ ዓይነቱ አተራረክ ጋር ባዳ አይደለም፤ ተረት ነጋሪም ጅቡ ለምን እንደተናገረ አያስረዳም።

5. የጀግናው አሣሣል

የከርቢ ጀግኖች ኃይላቸውን የሚያገኙት በውልደት ነው፤ አማልክት ወይም የአማልክት ልጆች ናቸው። ከርቢም ይህን በመሥመር ያሳያል፤ ጡጫው ከክፈፉ ወጥቶ ወደ አንባቢው የሚመጣ ይመስላል፤ የሁለት ገጽ ስፋት ያለው አንድ ሥዕል ከተማን ሙሉ ይሸከማል፤ ኃይልም በጥቁር ነጠብጣቦች ክምችት ሲፈነዳ ይታያል። የፕራት መሥመር ተቃራኒው ነው። ጥቁር ቀለም በብሩሽ ይጥላል፤ ፊቶችን በጥላ ይሸፍናል፤ አንዳንዴ በረሃውን በአንድ አግድም መሥመር ብቻ ያሳያል። ምንም ንግግር የሌለባቸው ተከታታይ ክፈፎች ብዙ ናቸው።

ኮርቶ ምንም ልዩ ኃይል የለውም። ከማልታ የመጣ፣ የጂፕሲ ሴትና የእንግሊዛዊ መርከበኛ ልጅ ነው። ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በልጅነቱ መዳፉ ላይ የዕድል መሥመር የለም ስለ ተባለ፣ የአባቱን ምላጭ አንሥቶ መሥመሩን ራሱ ቀደደው ይባላል። በእኛ ባህል ዕድል በመዳፍ ሳይሆን በግንባር የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ሰው አይደለም። ስለዚህ ይህ ምላጭ ለአማርኛ አንባቢ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ድፍረት-ኃጢአትም ሊመስል ይችላል። ገጸ ባሕርዩ በአንድ ምልክት ተጠቃልሎ የቀረበበት መንገድ ግን የሚደነቅ ነው።

ከራሳችን ጽሑፍ ማነጻጸሪያ ካስፈለገ ልብ ወለዱን ሳይሆን ገድሉን መመልከት የሚሻል ይመስለኛል። ስድስት ክንፍ የተሰጣቸውን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን፣ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው የሚሣሉትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የማያውቅ ማን አለ? ገድል የሃይማኖት ጽሑፍ እንጂ የመዝናኛ አይደለምና በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። የኃይልን ምንጭ ስንጠይቅ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በገድሉ ኃይል በተጋድሎና በቃል ኪዳን ይገኛል፤ በከርቢ በውልደት ይወረሳል፤ በፕራት ዘንድ ግን ኃይል የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ብልኃት፣ ትዕግሥትና የወዳጅ ታማኝነት ነው።

ሌላው የማነጻጸሪያ ነጥብ ራሱ ሥዕሉ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ልማድ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ይሣላሉ፤ አጋንንትና ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ይህ ልማድ ቀጥሎ፣ ኢትዮጵያውያኑ በፊት ለፊት፣ ጠላቶቹ በጎን ይታያሉ። በዚህ ልማድ የሠለጠነ ዓይን የፕራትን ገጽ ሲገልጥ ምን ያያል? ኮርቶ በጣም የሚታወቀው ጆሮው ላይ ቀለበት አድርጎ በጎን ሲቆም ነው። ለቬኒሱ ሠዓሊ ይህ የብቸኝነትና የርቀት ምልክት ነው፤ በእኛ የሥዕል ሰዋስው ግን አጠራጣሪ ሰው ነው። የከርቢ የክፋት ንጉሥ ደግሞ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኖቹ ያፈጥብናል። ሥዕል በሁሉም አገር በአንድ ዓይነት ይነበባል የሚለው አባባል ስሕተት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ልማዱ በአገራችንም ቢሆን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በተስፋፉበት በሐዲያና በከምባታ አካባቢ ያደገ ልጅ የሰሜኑን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በልጅነቱ ላያየው ይችላል። እርሱ ኮርቶን ሲያይ የሚያየው ምንድን ነው? ይህ ራሱን የቻለ የጥናት ጥያቄ ነው።

6. ‹‹ኩሽ›› የሚለው ስም

ከአራቱ ትረካዎች የሚበልጠው ፍጥረት ኮርቶ ሳይሆን ኩሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ኩሽ በፕራት ገጾች ላይ የቤኒ ዓሚር ጦረኛ ሆኖ ይቀርባል፤ በእምነቱ የጸና ሙስሊም፣ በራሱ ሕግ የሚመራ፣ አውሮፓውያንን የሚንቅ፣ ኮርቶን ግን እየነቀፈ የሚወድ ነው። በዚያን ዘመን በነበሩት የአውሮፓና የአሜሪካ ሥዕላዊ ትረካዎች ውስጥ አፍሪካዊ ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣ ተሸካሚ፣ መንገድ መሪ ወይም አስፈሪ አውሬ ነበር። ኩሽ ከነዚህ ሁሉ አይደለም። ይከራከራል፤ ይቀልዳል፤ ይፈርዳል፤ ሲለይም በራሱ ጊዜ ይለያል። ፕራት ‹‹የበረሃው ጊንጦች›› በሚል ርእስ በሠራው፣ በ1940 እና በ1941 መካከል በተደረገው ጦርነት ላይ በተመሠረተው ሌላ ተከታታይ ትረካ ውስጥም ኩሽ ጎልምሶ ይመለሳል። ኮርቶ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መጥፋቱን የሚነግረን እርሱ ነው። የዋናው ጀግና መጨረሻ በአፍሪካዊው ወዳጁ አንደበት እንዲነገር መደረጉ የአተራረክ ሥልጣን ለማን እንደተሰጠ ያመለክታል።

ይሁንና ስሙን እንመርምር። ሆመቾ ላይ ከአንዳንድ የአማርኛ መምህራን ጋር ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ስንጫወት የተነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ኩሽ እንዴት የአንድ ሰው ስም ይሆናል?›› የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጊቤ ወረዳ ዋና ከተማ ለሚኖር ሰው ‹‹ኩሽ›› በቅድሚያ የቋንቋ ቤተሰብ ስም ነው። ሐዲይኛ፣ ከምባትኛና ሲዳምኛ የደጋ ምሥራቅ ኩሻዊ፣ አፋርኛና ሶማልኛ የቆላ ምሥራቅ ኩሻዊ፣ ቤጃ ደግሞ የሰሜን ኩሻዊ ቋንቋዎች ናቸው። ኦሮምኛም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የካም ልጅ ኩሽ ነው፤ የግሪኩ ትርጉም ‹‹ኢትዮጵያ›› ያለውም የዚሁ የኩሽን ምድር ነው። ፕራት ለአንድ ጦረኛ ይህን ስም ሲሰጠው ሰውየውን የአንድ ሰፊ ምድርና ሕዝብ ወኪል አድርጎታል።

እዚህ ላይ ጥንካሬውም ድክመቱም አንድ ላይ ይታያል። ስሙ ገጸ ባሕርዩን ከፍ ያደርገዋል፤ ግን የግል ታሪኩን ይነጥቀዋል። የኮርቶን እናትና አባት እናውቃለን፤ ስለ መዳፉ ሳይቀር ተነግሮናል። የኩሽን እናት ግን አናውቃትም። በሥነ ጽሑፍ መመዘኛ አንደኛው ሰው ነው፤ ሁለተኛው በከፊል ሰው፣ በከፊል ምልክት ነው። ሌላው ድክመት የመቼት ነው። ፕራት ትረካዎቹን በ1918 ላይ በማስቀመጡ የኦቶማንን፣ የእንግሊዝንና የጀርመንን ቅኝ ገዥዎች ሲተች፣ እርሱ ራሱ በዓይኑ ያየውን የ1937ቱን አዲስ አበባ ከገጹ ውጭ አስቀርቶታል። በ‹‹ጊንጦች›› ወደ ጣሊያን ጦር ይመለሳል፤ ያም ቢሆን ወደ ሽንፈቱ ዘመን እንጂ ወደ ጭፍጨፋው አይደለም። አንድ ደራሲ ያልጻፈው ነገር እንደጻፈው ሁሉ መመርመር አለበት።

ከውጭ ሆኖ እኛን የመሳል ልማድ ከፕራት በፊትም ነበር። ከርቢና ሊ ‹‹ብላክ ፓንተር››ን ባስተዋወቁበት በዚያው 1966 የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስን ገጸ ባሕርይ አድርገው አምጥተውታል። ይህ በ12ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ በተሰራጨ የፈጠራ ደብዳቤ የተወለደ፣ ኋላም ኢትዮጵያ ላይ የተለጠፈ አፈ ታሪክ ነው። አፈ ታሪኩ ከሥጋ ለባሽ ሰው ጋር የተገናኘው ደግሞ በአንዲት የሐዲያ ልጅ አማካይነት ነው። ከሐዲያ ገራድ ቤት ተወልደው ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የገቡት እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ፤ እርሱም በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ በመጣው የፖርቱጋል መልእክት ውስጥ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የጻፈው መጽሐፍም በ1540 ሲታተም የቄሱን ንጉሥ ዮሐንስ ስም በርእሱ ይዞ ነበር።

የእሌኒ ሕይወት በሁለት ቤተ መንግሥት መካከል በልጅ የታሰረ ዝምድና ነው። ከርቢ ልጆቻቸውን ስለተለዋወጡ የሁለት ዓለም ገዥዎች ሲተርክ የፈጠረውን ሁኔታ የሐዲያ ታሪክ በእውን ያውቀዋል። በአንድ ቤት ተወልዶ በሌላው ቤት ሥልጣን መያዝ፣ የሁለቱንም ምሥጢር ማወቅ፣ በዕድሜ ማምሻ አገርን የሚያሻግር ደብዳቤ መጻፍ ለሥዕላዊ ትረካ የተመቸ ሴራ ነው። በአሜሪካው ገጽ ላይ የታየው ግን ደብዳቤውን የላኩት እሌኒ ሳይሆኑ በሕይወት ያልነበረው ዮሐንስ ነው።

7. የአማርኛው አቅም

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌሎች ሥራ ነው። አማርኛ ለዚህ ዘውግ ምን ያህል ይመቻል? ሦስት ነጥቦችን ብቻ ላንሣ።

አንደኛ፣ በሥዕላዊ ትረካ ንግግር የሚጻፈው በጠባብ ክብ ውስጥ ነው። አማርኛ ግሡ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውን በአንድ ቃል ይይዛል። ‹‹አልነገርኩህም?›› የሚለው አንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ፊደሎቹም ስምንት ብቻ ናቸው። ቦታ ለሚቆጥር ሠዓሊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛ፣ አማርኛ ድምፅንና ሁኔታን ከሚያሳዩ ቃላት ጋር ‹‹አለ››ን አጣምሮ ግሥ ይሠራል፤ ጧ አለ፣ ዱብ አለ፣ ሿ አለ፣ ብልጭ አለ። በልብ ወለድ ውስጥ ‹‹አለ›› የግድ ነው። በክፈፍ ውስጥ ግን ‹‹አለ›› የሚለውን ሥራ ሥዕሉ ይሠራል፤ ‹‹ጧ›› ብቻ ይበቃል። እንዲያውም ‹‹ዝም አለ›› የሚለውን ብንወስድ ሁለቱም ቃላት ይቀራሉ፤ ባዶው ክፈፍ ራሱ ዝምታ ነውና። የፕራት ዝምተኛ ገጾች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ምንም የሚተረጎም ነገር የሌለባቸው፣ ነገር ግን ብዙ የሚነበብባቸው ይሆናሉ።

ሦስተኛ፣ የአክብሮት ጉዳይ ነው። ኩሽ ኮርቶን ‹‹አንተ›› ይለዋል ወይስ ‹‹እርስዎ››? በእንግሊዝኛው ትርጉም ጥያቄው አይነሣም፤ በአማርኛ ግን ከመጀመሪያው ክብ ጀምሮ መወሰን ያስፈልጋል። ‹‹እርስዎ›› ካለው ኩሽ አሽከር ይሆናል፤ ፕራት የገነባው ወዳጅነትም ይፈርሳል። ‹‹አንተ›› ካለው እኩልነታቸው ከመጀመሪያው ይታወቃል። ለምሽጉ አዛዥ፣ ለሽማግሌው፣ ለአስማተኛው እንዲሁ ሌላ ሌላ ውሳኔ ይጠይቃል። ከ‹‹እርስዎ›› ወደ ‹‹አንተ›› የሚደረግ ሽግግር በሴራው ውስጥ የግንኙነት ለውጥ ማሳያ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መሣሪያ አማርኛ በነጻ ይሰጣል። የትርጉም ኮርስ የሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ መልመጃ የሚያገኝ አይመስለኝም።

8. ማጠቃለያ

ሥዕላዊ ትረካ ለኢትዮጵያ ፍጹም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በተከታታይ ክፈፎች፣ ብዙ ጊዜ በአርባ አራት፣ በአማርኛ መግለጫ ጭምር የሚተርከው የሸራ ሥዕል በአገራችን የታወቀ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ከክፈፍ ወደ ክፈፍ በልብሱ ይታወቃል፤ ጊዜ በክፈፎቹ መካከል ባለው ክፍተት ያልፋል። እነዚህ ሁሉ የዘውጉ መሠረታዊ ሕጎች ናቸው። ይህ ሸራ በቱሪስት ዕቃነትና በሥዕል ታሪክ ርእስነት እንጂ በአተራረክ ጥናት ተገቢውን ያህል አልተነበበም።

በቅርቡም የብስራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ በ2018 ‹‹ጀምበር››ን፣ በ2019 ‹‹ሐዊ››ን አሳትሟል። የ‹‹ጀምበር›› ጀግና ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ትረካውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። የልዕለ ጀግናው ቅርጽ ከከርቢና ከጓደኞቹ የተወረሰ ነው፤ የሥራ አጥነቱ ጭንቀት ግን የከተማችን ነው። ይህ ውርስና ይህ ለውጥ በምን መንገድ እንደተዋሐዱ መመርመር የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ሥራ ነው።

ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲ ግቢም ይወጣል። በሆመቾ ወይም በሆሳዕና ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሐዲይኛን በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግእዝ ፊደል ያነባል፤ እንግሊዝኛም ይጨመርበታል። ሁለት ዓይነት ፊደልና ሦስት ቋንቋ የሚሸከም ሕፃን ሥዕሉ መንገድ የሚያሳየው ንባብ ቢያገኝ ሸክሙ ይቀልለታል። ያ ንባብ የሚጻፈውና የሚሣለው በማን ይሁን? እሌኒን የሚያውቅ፣ ኩሽ የቋንቋው ዘመድ ስም መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዲሆን ከተፈለገ፣ ዘውጉን የሚያስተምር ክፍልና የሚመዝን ሐያሲ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለክፍላችን ተማሪዎች ሦስት ርእሶችን አቀርባለሁ። የንግሥተ ሳባ ሸራ ሥዕሎችን የአተራረክ ስልት ማጥናት፤ ከፕራት አራት ትረካዎች አንዱን ወደ አማርኛ መልሶ በአክብሮት ተውላጠ ስሞች ላይ ሐተታ መጻፍ፤ እንዲሁም የሐዲያንና የከምባታን ሥነ ቃል ሰብስቦ አንዱን ትረካ ከአካባቢው ሠዓሊ ጋር በክፈፍ ማዘጋጀት። ሦስቱም በአንድ የትምህርት ዘመን ሊጠናቀቁ የሚችሉ ናቸው። የመጀመሪያው ተማሪ ‹‹ይህ የሥዕል ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው›› ቢባል፣ ይህን መጣጥፍ ይዞ ይመለስ።